መላጣ፣ ጉትያና ድርብ ኩክኒ፦ የወሎን ብርቅ ዶሮ ዘሩ ሳይቀላቀል ማርባት

ሰኞ ዕለት ባቲ ገበያ ወርጄ ዶሮ ተራውን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩት። የምፈልገው አንድ መላጣ አውራ ዶሮ ነበር። ያየሁት ግን ሳሶ የሚባለውን የውጭ ዘር ብቻ ነው። ቀይ፣ ወፍራም፣ ሁሉም አንድ መልክ። ተስፋ ቆርጬ ልመለስ ስል አንዲት እናት ከቅርጫታቸው ስር አንዱን ጎትተው አወጡ። አንገቱ ላይ ላባ የለም። ቆዳው እንደ በርበሬ ቀልቷል። ከጉሮሮው ዝቅ ብሎ አውራ ጣት የምታክል የላባ ቁጢት ቀርታለች። "ውሰደው ልጄ፣ አንገቱን እያዩ ይሸሹታል፤ ቀንሼ እሰጥሃለሁ" አሉኝ። ዋጋውን አልተከራከርኩም። ያቺ ቁጢት ምን እንደምትናገር ስለማውቅ ነው። ወደ በኋላ እመለስባታለሁ።

ብርቅ ዶሮ ማርባት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የውጭውን ነው። እግሩ ድረስ ላባ የለበሰውን ብራህማ፣ ወይም ላባው እንደ ጥጥ የለሰለሰውን ሲልኪ። ያምራሉ፣ አልክድም። ለእኔ ግን ወሎ ውስጥ ብርቅ እየሆነ ያለው የእናቶቻችን ጓሮ ዶሮ ነው። መላጣው፣ ጉትያው፣ ኩክኒው (አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ) ድርብ የሆነው፣ ገብስማው፣ ዝግርማው። በ2005 ዓ.ም. አካባቢ የአገሪቱ የግብርና ቆጠራ ከ100 ዶሮ ወደ 97ቱ የአገር ውስጥ ዘር ናቸው ይል ነበር። በ2013 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 79 ወርዷል። የቀረው ቅይጥና የውጭ ዘር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የእኛዋ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። ቦቫንስ ብራውን የሚባለው ወደ 300 ይጥላል። ለዚህም ነው ኮምቦልቻ ያለው የዶሮ ብዜት ማዕከል ለገበሬው የተሻሻሉ ጫጩቶችን ሲያከፋፍል የኖረው። ብዙ ቤት በዚያ ተጠቅሟል። ነገር ግን አንድ የውጭ አውራ መንደር ሲገባ የጎረቤቱን ሴቶች ሁሉ ያዳርሳል። ሁለትና ሦስት ትውልድ በቂ ነው። ከዚያ በኋላ የአያትህን ዶሮ ፈልገህ አታገኛትም።

በእኛ መንደር ደግሞ የ2014ቱ ጦርነት ነገሩን አባባሰው። ዶሮ ያልጠፋበት ቤት ጥቂት ነው። ሰው እንደገና ሲጀምር ዘር አልመረጠም፣ ባገኘው ጫጩት ጀመረ። ማንም አይፈረድበትም።

እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት በፍቅር ነው። ፍቅር ብቻውን ግን ዶሮ አይቀልብም። ስለዚህ ከወጪውም ከአሠራሩም የተማርኩትን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

አንደኛ፦ የትኛውን ዘር፣ የት አገር

ሁሉንም አንድ ላይ አትጀምሩ። አንድ መልክ ምረጡ። ስትመርጡ መጀመሪያ የምትኖሩበትን ቦታ አየር አስቡ።

መላጣው የቆላ ዶሮ ነው። አንገቱ በመራቆቱ ሙቀት በቀላሉ ያስወጣል። ላባውም በአጠቃላይ ከሌላው ያንሳል። ባቲ፣ ከሚሴ፣ ቆቦ ላይ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሌላው ዶሮ አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ መላጣው ይጭራል። ደሴና ኩታበር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሐምሌ ጉም ከጦሳ ተራራ ሲወርድ መላጣው ለመሞቅ ብሎ የበለጠ ይበላል። ደጋ ላይ ማርባት አይቻልም አልልም፣ እኔም አረባለሁ። ግን ቤቱ ደረቅና ንፋስ የማይገባበት መሆን አለበት።

ጉትያው አናቱ ላይ የላባ ጉንጉን አለው። ለዓይን እንደ እሱ የሚያስደስት የለም። ችግሩ ጉንጉኑ ትልቅ ከሆነ ወደ ላይ ማየት ይከለክለዋል። ጭልፊት ሲመጣ ዘግይቶ ነው የሚነቃው። ቅንቅንም ጉንጉኑ ውስጥ መደበቅ ይወዳል። ጉትያ ያለው ሰው በየሳምንቱ አናቱን ገልጦ ማየት አለበት።

ድርብ ኩክኒው ለኪስ የሚቀርበው ነው። ለበዓል ገበያ ቀይ ወይም ገብስማ ሆኖ ኩክኒው ድርብ የሆነ አውራ ከሁሉ ቀድሞ ይሸጣል። ጥቁር ሲሆን ገዢ ያጣል። ጀማሪ ከሆናችሁ በዚህ ብትጀምሩ ይሻላል።

የውጭ ብርቅ ዘር ካማራችሁ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ብራህማ አውራው 5 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ እስኪያድግ የሚበላውን አስቡት። የእግሩ ላባ በክረምት ጭቃ ይጋገርበታል። የሲልኪ ላባ ደግሞ ውሃ አያስወርድም፤ ዝናብ ከመታው እስከ ቆዳው ይበሰብሳል። ሁለቱም ጣሪያ ስር ለሚኖር ሰው ናቸው።

ሁለተኛ፦ ወጪውን በኪሎ አስሉት

የመኖ ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ በብር ብነግራችሁ ይህን ስታነቡ ዋጋው ተቀይሯል። በኪሎ እናስላው። እናንተ በሰፈራችሁ ዋጋ ታባዙታላችሁ።

ዘር ለማቆየት ከ15 ሴትና ከ3 አውራ ባታንሱ ጥሩ ነው። ምክንያቱን ማጋባት ላይ ስንደርስ አሳያችኋለሁ። እነዚህ 18 ዶሮዎች ሙሉ በሙሉ ተዘግተው ከተቀለቡ እያንዳንዳቸው በቀን 90 ግራም ገደማ ይበላሉ። በቀን 1.6 ኪሎ ነው። በዓመት ወደ 590 ኪሎ፣ ማለትም 6 ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው። 15ቱ ሴቶች በዓመት 50፣ 50 ቢጥሉ 750 እንቁላል ነው። አካፍሉት። አንድ እንቁላል ወደ 8 መቶ ግራም መኖ ወሰደ ማለት ነው። ቦቫንስ ለአንድ እንቁላል ወደ 140 ግራም ይበቃዋል።

ይህን ቁጥር ደጋግማችሁ እዩት። የአገር ዶሮ ዘግቶ ቀልቦ እንቁላል እየሸጡ ማትረፍ የለም። ያለው መንገድ ቀን ግቢ ውስጥ ጭረው እንዲበሉ መልቀቅና ጠዋትና ማታ ተደምሮ ለአንድ ዶሮ በቀን 40 ግራም መጨመር ነው። ያኔ የዓመቱ ወጪ ወደ 260 ኪሎ ይወርዳል። ገቢው ደግሞ ከእንቁላል ሳይሆን ከበዓል አውራና ለእርባታ ከሚሸጡ ቄቦች ይመጣል።

መኖውን ራሳችሁ ቀላቅሉ። እኔ ለ10 ኪሎ የምጠቀመው ይህ ነው፦ 5 ኪሎ ተኩል የተከካ በቆሎ ወይም ማሽላ፣ 2 ኪሎ ከ200 ግራም የኑግ ፋጉሎ፣ 1 ኪሎ ከ800 ግራም ፉርሽካ፣ 450 ግራም የተፈጨ የኖራ ድንጋይና 50 ግራም ጨው። ፉርሽካ ደሴም ኮምቦልቻም አይጠፋም። ፋጉሎውንና በቆሎውን ስትገዙ ግን አሽትቱት። የሻገተ ከሆነ በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። የሻጋታው መርዝ ጉበታቸውን ነው የሚጎዳው፣ ምክንያቱን ሳታውቁት አንድ በአንድ ይመነምናሉ። የእንቁላል ቅርፊትም አትጣሉ። ድስት ላይ አድርቃችሁ፣ ፈጭታችሁ መልሱላቸው።

ከመኖ ሌላ ክትባት፣ የቤቱ እንጨትና ሽቦ፣ ለጫጩት ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት የሚሆን የጫጩት መኖ አለ። ለአንድ ጫጩት 2 ኪሎ ገደማ ያዙ። በዚህ ላይ አትቆጥቡ። የጫጩት መኖ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ ነው፣ የትልቁ ዶሮ መኖ አይተካውም።

ሦስተኛ፦ ቤቱ ይቅደም

ዶሮ ገዝቶ ቤት መፈለግ የብዙ ጀማሪ ስህተት ነው። ቤቱ አልቆ አንድ ሳምንት ባዶውን ይደር።

ቀን ለሚለቀቁ 18 ዶሮዎች 4 ወይም 5 ካሬ ሜትር ይበቃል። ግን ሦስት ቦታ መከፈል አለበት። ባህር ዛፍ አቁሙ፣ ጣሪያውን ቆርቆሮ፣ ግድግዳውን እስከ ወገብ ጭቃ፣ ከዚያ በላይ ወንፊት ሽቦ አድርጉ። ሽቦው ንፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ በተቃራኒ ቢሆን ይመረጣል። ከግድግዳው ስር ዙሪያውን ደግሞ ሌላ ሽቦ ቢያንስ አንድ ስንዝር ቅበሩ። ሸለምጥማጥ ከስር ሾልኮ ይገባል። አንድ ሌሊት ከገባ የሚበላው አንድ ነው፣ የሚገድለው ግን ያገኘውን ሁሉ ነው።

ቆጥ ለአንድ ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ስጡ። እንጨቱ ክብ ይሁን፣ ጨብጠው የሚይዙት። ለአራት ወይም ለአምስት ሴት አንድ መጣያ ጎጆ በቂ ነው። ጨለም ያለ ጥግ ላይ፣ የጤፍ ጭድ የተነጠፈበት። ወለሉን ሰጋቱራ ወይም ጭድ አልብሱት። ጥግ ላይ አመድና አሸዋ የተሞላ ሰፊ ሳህን አስቀምጡ፣ ይታጠቡበታል። ለቅንቅን ከዚህ የተሻለ ርካሽ መድኃኒት አላውቅም።

በር ከፍታችሁ ስትገቡ ሽታው ዓይናችሁን ከቆጠቆጠ አየር አነሰ ማለት ነው። ዓይናችሁን የቆጠቆጠ ነገር የእነሱን ሳንባ ቀድሞ ነክቶታል። ኩሱን ግን አትጣሉት። አስቀምጣችሁ ሲበሰብስ ለጎመንና ለቃሪያ መደብ የሚሆን ማዳበሪያ ነው።

አራተኛ፦ ዘሩን ማግኘት

ገበያ ላይ ከመግዛት በፊት ገጠር ያለ ዘመድ ጋር ደውሉ። የወሎው ቦረና፣ አምባሰል፣ ወግዲ፣ ከመንገድ ራቅ ያለ ቀበሌ የሚኖር ሰው ይሻላል። መኪና በማይደርስበት መንደር የውጭ አውራም ቶሎ አይደርስም። ስትሄዱ አውራውን ብቻ አትዩ። እናቱንና እህቶቹን አሳዩኝ በሉ። አንድ አውራ ቆንጆ ሆኖ እህቶቹ ሁሉ ሳሶ ከመሰሉ ተዉት።

እንቁላል ገዝታችሁ ለማስታቀፍ ካሰባችሁ ተጠንቀቁ። እኔ አንድ ጊዜ "ንጹሕ ጉትያ ነው" ተብዬ 12 እንቁላል ገዛሁ። ስምንቱ ተፈለፈሉ። አንድም ጉትያ አልነበረም። የእንቁላል ቅርፊት ስለ አባቱ ምንም አይናገርም። ሻጩ አውራውን ካላሳያችሁ እንቁላሉን ብሉት እንጂ አታስታቅፉት።

አውራውን ስትመርጡ እጃችሁ ላይ ያዙት። ደረቱ አጥንት ብቻ መሆን የለበትም። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ አፍንጫው ደረቅ፣ እግሩ ቅርፊቱ ያልተነሳ ይሁን። የእግሩ ቅርፊት ከተነሳና ነጭ አቧራ ከመሰለ የእከክ ቅንቅን አለው። ሴቷን ስትመርጡ ደግሞ ባለቤቷን ስንት ጊዜ ታቅፋ ስንት እንዳሳደገች ጠይቁ። ጫጩቶቿን ይዛ ጭልፊት የምትመታ ዶሮ ላባዋ ምንም ቢመስል ዘሯ ውድ ነው።

አምስተኛ፦ ለብቻ ማቆየትና ክትባት

ይህችን ክፍል ዘላችሁ አትለፉ። እኔ ዘልዬ ከፍያለሁ።

የዘመን መለወጫ ሰሞን ነበር። ከገበያ ሁለት ቄብ ገዛሁ። መሽቶ ስለነበር ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልኳቸው። በስድስተኛው ቀን አንዷ ክንፏን ጥላ ጥግ ተቀመጠች። በማግስቱ አረንጓዴ ቅማጥ። ከዚያ ሦስት ሌሎች አፋቸውን ከፍተው መተንፈስ ጀመሩ። አንዷ አንገቷ ወደ ኋላ ተጠማዞ ክብ እየሠራች ትዞር ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከ17 ዶሮ 3 ቀሩኝ። ፈንግል ነው። አራት ዓመት የሰበሰብኩት ዘር ነበር። ከሁሉም የምትቆጨኝ አንዲት ገብስማ ጉትያ ናት። እሷን የምታክል እስካሁን አላገኘሁም።

ፈንግል ከገባ መድኃኒት የለውም። መከላከያው ሁለት ነው። አንዱ አዲስ ዶሮን ቢያንስ ለ30 ቀን ለብቻ ማቆየት። ለብቻ ማለት ሌላ ጥግ፣ ሌላ ውሃ ማጠጫ፣ ሌላ ጫማ ነው። መጀመሪያ የድሮዎቹን መግባችሁ በመጨረሻ አዲሱ ጋ ሂዱ እንጂ በተቃራኒው አይሁን። በተለይ የበዓል ሰሞን ገበያ ዶሮ ከየአቅጣጫው ስለሚገናኝ በሽታም እዚያው ይገናኛል።

ሁለተኛው ክትባት ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ የሚያወጣው ነው፣ የወረዳ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ጠይቁ። ለጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ኤች ቢ ዋን የሚባለው በዓይን ጠብታ ይሰጣል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ላሶታ በሚጠጣ ውሃ። ከዚያ በየጥቂት ወሩ መድገም ነው። ሙቀት የሚችለው አይ ቱ የሚባለው ከተገኘ በረዶ ለማያገኝ ገጠር ይመቻል።

ላሶታን በውሃ ስትሰጡ የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ። ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። የምንጭ ወይም የጉድጓድ ንጹሕ ውሃ ይሻላል። በአንድ ሊትር ሁለት ግራም ተኩል ያህል ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት ብትጨምሩ ክትባቱን ይጠብቀዋል። ከዚያ በፊት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ውሃ ከልክሏቸው። ሲጠሙ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጨርሱታል። ጠዋት በቀዝቃዛው ሰዓት ይሁን። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ ስለሆነ ብቻችሁን አትግዙ። ጎረቤት አስተባብሩ። የእናንተ ዶሮ ተከትቦ የጎረቤት ካልተከተበ እንቅልፍ የላችሁም።

ስድስተኛ፦ ማጋባት

አሁን ወደዚያች የላባ ቁጢት ልመለስ።

መላጣነት ከአንድ ወላጅም ከሁለትም ሊወረስ ይችላል። ከአንዱ ብቻ የወረሰው ዶሮ አንገቱ ፊት ለፊት ቁጢት ይቀርለታል። ከሁለቱም የወረሰው ቁጢት የለውም፣ ወይም ጥቂት ላባ ብቻ ናት፤ ጨርሶ ራቁት ነው። ስለዚህ የባቲው አውራ ግማሽ ነው። ላባ ካላት ሴት ጋር ሲጋባ ከልጆቹ ግማሽ ገደማ መላጣ፣ ግማሹ ላባማ ይሆናሉ። ሁለት ባለ ቁጢት ሲጋቡ ደግሞ ከአራት አንዱ ጨርሶ ራቁት፣ ሁለቱ ባለ ቁጢት፣ አንዱ ላባማ ይወጣል። ያ ላባማው መላጣነትን በውስጡ ደብቆ አይዝም። ስለዚህ ያለ ሐሳብ ለወጥ ይሂድ። በሁለት ትውልድ ሙሉ መላጣ መንጋ ማግኘት ትችላላችሁ።

ድርብ ኩክኒ ሌላ ነው። እዚህ መደበቅ አለ። ድርብ ነጠላውን ይሸፍነዋል። ሁለት ባለ ድርብ ወላጆች ነጠላ ኩክኒ ያለው ጫጩት ሊወልዱ ይችላሉ። "ዘሩ ተበላሸ" ብላችሁ አትደንግጡ። ሁለት ነጠላ ግን ድርብ አይወልዱም። አውራችሁ ነጠላውን ደብቆ መያዙን ማወቅ ከፈለጋችሁ ከነጠላ ሴቶች ጋር አጋቡት። 10 ጫጩት ተፈልፍሎ ሁሉም ድርብ ከሆነ ንጹሕ ድርብ ነው ማለት ይቻላል። አንዲት ነጠላ ከወጣች ደብቋል። ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ ከኋላው ሹል የሚወጣለት ድርብ ኩክኒ ላይ አንድ ጣጣ አለ። ከሁለቱም ወላጅ ድርብ የወረሰው አውራ ዘር የማስያዝ አቅሙ ደከም ይላል። እንቁላሉ ውሃ እየሆነ ከተቸገራችሁ ነጠላ የደበቀ አውራ አስገቡ። እኔ ለዚህ ሁሌም ሁለት ነጠላ ሴት መንጋው ውስጥ አቆያለሁ። ሁሉንም ነጠላ ማስወገድ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው።

መዛመድን እንዴት እንደምትከላከሉ ደግሞ እዩ። አንድ አውራና 10 ሴት ብቻ ይዛችሁ ልጆቹን እርስ በርስ ካጋባችሁ የመዛመዱ መጠን በየትውልዱ 14 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጥቂት ትውልድ ሲያልፍ የሚፈለፈለው እንቁላል ይቀንሳል፣ ጫጩት ይመነምናል። 3 አውራና 15 ሴት ከሆነ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ለዚህ ነው ቤቱ ሦስት ክፍል ይሁን ያልኩት።

በየክፍሉ አንድ አውራና አምስት ሴት አስገቡ። ክፍሎቹን ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ በሏቸው። ሴት ልጆች ከእናታቸው ክፍል አይወጡም። ወንዱ ነው የሚዞረው። የቀይ ልጅ ለቢጫ አውራ ይሆናል፣ የቢጫው ለአረንጓዴ፣ የአረንጓዴው ለቀይ። ሁሌም በአንድ አቅጣጫ። እግራቸው ላይ የክፍላቸውን ቀለም ቀለበት አድርጉ። ክር ከተጠቀማችሁ ለጫጩት በየሁለት ሳምንቱ ፈትታችሁ እንደገና እሰሩ። ካልሆነ እግሩ ሲያድግ ክሩ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ደብተር ይኑራችሁ። የታቀፈችበት ቀን፣ ስንት እንቁላል፣ ስንት ተፈለፈለ፣ ምን መልክ። ከሁለት ዓመት በኋላ ትዝታችሁ ይከዳችኋል፣ ደብተሩ ግን አይከዳም።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ሴት ዶሮ የአውራውን ዘር በሆዷ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ታቆያለች። ስለዚህ አዲስ አውራ ስታስገቡ ወይም የጎረቤት ሳሶ ዘልሎ ከገባ ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የተጣለውን እንቁላል አታስታቅፉ። ብሉት። ዘር ለመሰብሰብ በምትፈልጉበት ወር ደግሞ ሴቶቹን ቀንም ቢሆን አትልቀቁ። የዚያ ወር መኖ ወጪ ይጨምራል፣ እሱን አስቀድማችሁ ያዙ።

ሰባተኛ፦ ማስታቀፍና ጫጩት

እንቁላሉን ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ከ7 ቀን በላይ ባይቆይ ይመረጣል። አንዲት የአገር ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል በደንብ ትሸፍናለች። ከዚያ በላይ ከጨመራችሁ ዳር ያለው ይቀዘቅዛል። እናቴ ከእንቁላሉ መሃል ሚስማር ታኖር ነበር፣ ነጎድጓድ እንዳያበላሸው። እኔም አኖራለሁ። ለነጎድጓዱ ሳይሆን ለእናቴ ብዬ።

በ7ኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በስልክ መብራት አስጠግታችሁ እዩት። የደም ሥር እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ ካያችሁ ሕይወት አለው። ጥርት ካለ ዘር አልያዘም፣ አውጡት። በ21ኛው ቀን ይፈለፈላል። ማስፈልፈያ ማሽን የምትጠቀሙ ከሆነ 37 ነጥብ 5 ዲግሪ ይሁን፣ እስከ 18ኛው ቀን አገላብጡ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት እርጥበቱን ጨምሩ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። ከቆላ ያመጣችሁት እንቁላል እዚህ ከተጠበቀው ያነሰ ቢፈለፈል አትገረሙ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማሽኑ ይቀዘቅዛል፣ ዶሮዋ ግን አትቀዘቅዝም። ለጥቂት እንቁላል ዶሮዋን እመኑ።

ጫጩት የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ነው። በነጻ ከተለቀቀ ግማሹን ጭልፊት፣ ብርድና በሽታ ሊወስደው ይችላል። እናትየዋን ከጫጩቶቿ ጋር በወንፊት ሽቦ ዝጉ። እናት ከሌለ የጭድ ሳጥን ሥሩ። የእንጨት ሳጥን ውስጥ ዙሪያውን ጭድ ጠቅጥቃችሁ መሃሉን ለጫጩቶቹ መተው ነው። በራሳቸው ሙቀት ያድራሉ፣ መብራት አይፈልግም። የመጀመሪያው ሳምንት ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ቴርሞሜትር ባይኖራችሁ እነሱን እዩ። ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል። ክንፋቸውን ዘርግተው ከተበታተኑ ሞቋቸዋል። በዝምታ ተዘርግተው ከተኙ ልክ ነው።

ጭዱ ከረጠበ ቀይሩት። ደም የቀላቀለ ኩስ ካያችሁ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ስለሚችል ዛሬ ነገ ሳትሉ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሂዱ። አምፕሮሊየም የሚባለው መድኃኒት በጊዜ ከተሰጠ ያድናል።

ዶሮዋ እንድትጥል ብላችሁ ከመታቀፍ ለማስተው አታንጠልጥሏት፣ ውሃ ውስጥም አትንከሯት። ወለሉ ክፍት በሆነና አየር በሚያገኝ ሳጥን ውስጥ ሦስት አራት ቀን ከነመኖዋ ብታቆዩአት ትተዋለች።

ስምንተኛ፦ መሸጥ

የአገር አውራ ለገበያ የሚደርሰው በ7 ወር ገደማ ነው። ወደ ኋላ ቁጠሩ። ለዘመን መለወጫ የካቲት ላይ፣ ለገና ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ለፋሲካ መስከረም ላይ ይፈልፈል። ሌላ አገር በዓቢይ ጾም ዶሮና እንቁላል ይረክሳል። ወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎን ለጎን የሚኖርበት አገር ስለሆነ ጾሙም በዓሉም ይፈራረቃል። በሁዳዴ እንቁላሌን የሚገዙኝ ሙስሊም ጎረቤቶቼ ናቸው። በረመዳን ማታም እንደዚሁ።

ለእርባታ የምትሸጡትን ከወጥ ዶሮ ጋር አንድ ላይ አትሽጡ። ጥንድ አድርጉ፣ ከማይዛመዱ ሁለት ክፍሎች። ደብተሩን አሳዩ። ክትባቱን ንገሩ። ነጠላ ኩክኒ ሊወጣ እንደሚችልም ንገሩ። ገዢው ቤቱ ሄዶ ከሚያኮርፍ እዚያው ቢያውቀው ይሻላል።

ዘጠነኛ፦ ሁለተኛ ቤት

ያንን የፈንግል ዓመት ካሳለፍኩ በኋላ የተማርኩት ነው። ዘራችሁን በሙሉ አንድ ግቢ አታስቀምጡ። የምታምኑት ሰው ፈልጉ፣ ቢቻል ሌላ ከተማ። አንድ አውራና አራት ሴት በእኩል ስጡት። ጫጩቱን ለሁለት ትካፈላላችሁ፣ መኖው የእሱ፣ ክትባቱ የእናንተ። በዓመት አንዴ አውራ ተለዋወጡ፣ ያቺን 30 ቀን ሳትረሱ። አንዱ ቤት በሽታ ቢገባ ሌላው ይተርፋል።

የእኔ ሁለተኛ ቤት ሐይቅ፣ እህቴ ጋ ነው። ከባቲው አውራ የተወለዱ አራት መላጣ ቄቦች እዚያ አሉ። ትናንት ማታ ደውላ አንደኛዋ መታቀፏን ነገረችኝ። ከስሯ 11 እንቁላል አለ። አባትየው ሌላ ባለ ቁጢት ስለሆነ ሁለት ወይም ሦስት ጨርሶ ራቁት እጠብቃለሁ። "ሚስማሩን አድርጊ" አልኳት። አድርጋለች።